ቦሎ ያገኘችው ላንድሮቨር

ሞላሌ፣ ሰኞ ጥር 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለመኳንንት ወዳጆ
አዋሳ

የሆዴ ፍሬ፣ እንደምን አለህልኝ? እኔ አለሁ። ሰላምታዋን አሳጠረችብኝ ብለህ እንዳትቀየመኝ፤ ጊዜ የለኝም። አባትህ የዕድር ስብሰባ ሄዷል፣ እስኪመለስ መጨረስ አለብኝ። ደብዳቤውን የሚያመጣልህ መምህር ኃይለ ኢየሱስ ነው። ነገ በማለዳ ይነሳል፤ ረቡዕ አዋሳ ገብቼ በእጁ አስረክበዋለሁ ብሎ ምሎልኛል። ለምን ስልክ አልደወለችም እንዳትል። የቴሌውን ቤት ታውቀዋለህ፣ በሩ አይገጥምም፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚጠብቅህ። እኔ የምነግርህ ነገር ደግሞ ካንተ በቀር የማንም ጆሮ ውስጥ መግባት የለበትም።

ፈርቻለሁ ልጄ። አንተን ስወልድ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። የፊታችን እሑድ የአክስትህ የምንዳዬ ልጅ ትሕትና ትዳራለች። ሙሽሪትን ከነሙሽራው፣ ከነሚዜው፣ ከነሕፃናቱ ጭኖ ከዚህ እስከ ዘመሮ የሚወስዳት አባትህ ነው። አባትህ ደግሞ አያይም።

ይኸው ጻፍኩት። ይህን ቃል ለራሴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ዐይኑን ሞራ ጋርዶታል። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይሻለዋል፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣበት ግን ጭራሽ የለም። ሞራ አዲስ አበባ ይገፈፋል ይላሉ። ለመገፈፍ ግን መጀመሪያ «አላይም» ማለት ያስፈልጋል፣ ያንን ደግሞ ከአባትህ አፍ የሚያወጣ አልተፈጠረም።

አንተማ ተናግረኸው ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ የመርስዔ ኃዘንን አህያ ገጭቶ የመጣ ዕለት፣ «አባዬ፣ ዐይንዎ ደክሟል፤ ቁልፉን ለኔ ይስጡኝ» ስትለው እሱ አንዲት ቃል አልመለሰልህም። የመለስኩልህ እኔ ነኝ። «አባትህን የምታዋርድ ከሆነ ከቤቴ ውጣልኝ» አልኩህ፣ ወጣህ። ያኔም አውቀው ነበር። አንተ ከመናገርህ በፊት አውቀው ነበር። ግን ፊቱን አየሁት፤ ቃልህ ሲገባው ፊቱ አመድ ሆነ። ይሄ ሰው ዛሬ ይሞትብኛል ብዬ ደነገጥኩና በተቀመጠው በሱ ፈንታ የቆምከውን አንተን ገፋሁህ። አንተ ከሄድክ በኋላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ይቅር በለኝ ልጄ። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን ልጽፍልህ አልችልም።

ከዚያ ወዲህ ዐይኑ እኔ ነኝ። ባናዬን፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴን፣ ልሸጥ ነው እያልኩ ከላንድሮቨሯ ፊት ወንበር ወርጄ አላውቅም። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ መሐል ሜዳ፣ የሄደበት ሁሉ እሄዳለሁ። «ተጠንቀቅ» አልለውም፤ እንደዚያ ብለው በማግስቱ ከቤት ያስቀረኛል። ወሬ ነው የማወራው። «ውይ፣ ይሄን በሬ ዛሬም መንገድ መሐል ገትረውታል!» እላለሁ፣ ያዘገያል። «ይቺ ሴትዮ ልጇን አዝላ በቀኝ በኩል ወዴት ነው የምትሮጠው?» እላለሁ፣ ወደ ግራ ያዝ ያደርጋል። «ያ ድልድይ እንደተሰበረ ሊቀር ነው?» እላለሁ፣ ማርሽ ይቀንሳል። ተሳፋሪው ገና ስሳፈር «ሬዲዮናችን ተከፈተች» እያለ ይስቅብኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሞላሌ ስንደርስ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ቀሚሴ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነው የምወርደው። አባትህ «ምነው ዛሬስ ለፈለፍሽ» ይለኛል። ለምን እንደምለፈልፍ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

መንጃ ፈቃዱን እንዴት አሳደሰ ትለኝ ይሆናል። የዐይን ምርመራው ላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፊደሎች ከፊቱ የቆሙት ሰዎች ሲጠሩ ሰምቶ በቃሉ ያዛቸው። ዳዊት በቃሉ የሚደግም ሰው ያ ምን ይሆንበታል። ከበሩ ሲወጣ «ዐይንህ የጎረምሳ ነው አሉኝ!» ብሎ እየሳቀ መጣ። እኔም «እሰይ» አልኩት።

ዘንድሮ ደግሞ የቦሎው ጊዜ ሲደርስ ደብረ ብርሃን አዲስ መሣሪያ መጣ ተባለ። ድሮ ፍሬኑን አስረግጠው፣ መብራቱን አብርተው አይተው ያሳልፉ ነበር። አሁን ግን የጭስ መውጫው፣ ማርሚታው ውስጥ ሽቦ ከተው ጭሱን ይለካሉ፤ ጭስ የበዛባትን መኪና ከመንገድ ያስወጣሉ አሉ። አሮጌ መኪና ያለው ሾፌር ሁሉ ተንጫጫ። እኔ ብቻ በልቤ እልል አልኩ።

እስቲ አስበው። መኪናዋ ብትወድቅ «ወዳጆ መኪናው አረጀችበት» ይባላል እንጂ «ወዳጆ ታወረ» አይባልም። ቁልፉን ማንም ሳይቀማው፣ ማንም ሳያዋርደው፣ ጋሼ ወዳጆ እንደተባለ ቤቱ ይቀመጣል። በጎቹን ይጠብቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። እመቤቴ መኪናዋን ጣይልኝ ብዬ ጧፍ ተሳልኩ። የሚሳቅ ስለት ነው፣ ግን ተሳልኩ።

ነገሩን ደግሞ ለእመቤቴ ብቻ አልተውኩትም። ኃጢአቴ እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ያለው መካኒክ ወንድምአገኝ አምና የመኪናዋን የአየር ማጣሪያ፣ ፊልትሮዋን ሲያጸዳ አጠገቡ ቆሜ ነበር። «እትዬ፣ መኪናም ትተነፍሳለች» አለኝ። «አየር ካጠራት ናፍጣውን ሳታቃጥል ጥቁር አድርጋ ትተፋዋለች።» ያን ቃል ያዝኩ። ለቦሎ ልንሄድ ዋዜማው ላይ፣ አባትህ በጎቹን ሊያይ ሲወጣ፣ የነደፍኩትን ጥቁር የበግ ጠጉር ሁለት እፍኝ ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። አየር የሚያስገባውን የጎማ ቱቦ ፈታሁና ጠጉሩን ጠቀጠቅሁበት። አርባ ዓመት ጠጉር የነካ እጅ ነው፣ ምን ያህል ቢጠቀጠቅ ምን ያህል አየር እንደሚያሳልፍ ያውቃል። ጭራሽ እንዳትታፈን ትንሽ ትቼላታለሁ። ያ ጠጉር ላንተ የጀመርኩት ባና ነው። ሁለት እፍኝ ጎድሎበታል።

አባትህ ምንም አላወቀም። መኪናዋን አጥቦ፣ ጎማዋን ሳይቀር ወልውሎ፣ የክት ኮቱን ለብሶ ሄድን። ረቡዕ ዕለት ነው። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ወጣት ሽቦውን ማርሚታው ውስጥ ከተተና «አባቴ፣ ነዳጅ ይስጡ» አለው። ሰጠ። «ይጨምሩ! እስከ መጨረሻው ይርገጡት!» ረገጠው። ወየው ጉድ! የወጣው ጭስ ግቢውን አለበሰው። ወረፋ የያዙት ሾፌሮች አፋቸውን ይዘው ተበተኑ። «ያጥፉት! ያጥፉት!» አለ ወጣቱ እያሳለ። ከዚያ ወረቀት ጻፈ። «ይቺ መኪና መንገድ ላይ አትወጣም። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

አባትህ ብዕሩን ይዞ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። «ምነው ጽሕፈታችሁ እንዲህ ደቀቀ፣ የት ጋ ነው?» አለ እየሳቀ። ወጣቱ በጣቱ ጠቆመው። አባትህ የወጣቱን ጣት በእጁ ፈልጎ ያዘና ከጣቱ ሥር ፈረመ። ወጣቱ ምንም አልጠረጠረም፣ ሽማግሌ ተጫወተኝ ነው ያለው።

ደስ ሊለኝ ነበር የሚገባው። ያሰብኩት ሆነልኝ። አባትህ ግን ወርዶ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና «ሃያ ሁለት ዓመት አላሳፈርሽኝም። ዛሬ ምን ነካሽ?» አላት። ስንቷን ምጥ የያዛት ሴት በነጻ ሆስፒታል አድርሶባታል፣ ስንት ሬሳ ለዘመድ አብቅቶባታል። ቢሆንም አፌን ያዝኩ። በቃ አሁን ቤታችን እንገባለን፣ አለቀ ብዬ።

አላለቀም። አባትህ እጁን የሚሰጥ ሰው ነው እንዴ? በቀጥታ ወንድምአገኝ ጋ ወሰዳት። እኔ ጠጉሬ ሊገኝ ነው ብዬ በቁሜ ውሃ ሆንኩ። ወንድምአገኝ ግን ቱቦውን ሳይነካ «ፊልትሮዋን በእጄ ነው ያጸዳሁት፣ ከሱ አይደለም፤ ናፍጣ እየበዛባት ነው» ብሎ የናፍጣ ፓምፗን ብሎን ሁለት ዙር አጠበበው። «አሮጌ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው የሚያልፈው፣ ጋሼ። ናፍጣውን ስንቀንስባት ጭሱም ይቀንሳል። ቦሎውን እንደያዙ ግን ይምጡና እመልስልዎታለሁ። በዚህ አያያዟ ዳገት አትወጣም፤ ሰው እንዳይጭኑባት» አለው።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አየሩን እኔ ዘግቼባታለሁ፣ አንተ ደግሞ ናፍጣውን ዘጋህባት፣ ከየት አምጥታ ትጎትተን ማለት ነበረብኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ፈርቼም ነው።

ሐሙስ ጧት አለፈች። ጭሷ ስስ ሆነ፣ ማሽኑም እሺ አለ። አባትህ በደስታ ሊበር ምንም አልቀረውም። ቦሎውን መስተዋቱ ላይ ሲለጥፈው ዘቅዝቆ ለጠፈው። «ዳሩ አልያዘም፣ ልጫንልህ» ብዬ ላጥኩና አቀናሁት። ከዚያ «ወንድምአገኝ ጋ እንለፍ» ስለው «እሱ ሳይወለድ ብሎን ፈትቻለሁ፣ እኔው እመልሰዋለሁ» አለኝ። መንገድ ዳር አቁሞ ኮፈኑን ከፈተ፣ ካቻቢቴ ይዞ ጎነበሰ። በጣቱ ሲዳስስ፣ ካቻቢቴው ከብሎኑ ጎን ሲንሸራተት አየሁት። እንደገና ሞከረ። አሁንም እንደገና። ላቡ ወረደ። ከዚያ ኮፈኑን ዘጋና «ተስተካክላለች» አለኝ።

እንዳልተስተካከለች አይቻለሁ፤ ማየቴን ደግሞ እሱ አላወቀም። እሱ የሱን ደበቀኝ፣ እኔ የኔን ደበቅሁት። እንዲሁ ዝም ብለን ገባንባት፣ አሥራ አንድ ሰውም ጫንን።

የሞፈር ውሃን ወንዝ እስክንሻገር ደህና ነበርን፣ ቁልቁለት ነው። ዳገቱን ስንጀምር ድምፅዋ ተለወጠ። አንደኛ ማርሽ አስገባ። ታቃስታለች እንጂ አትሄድም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የአሥር ሰዓቷ ፀሐይ ፊት ለፊት መጣችና መስተዋቱን በሙሉ አበራችው። እኔ ወሬዬን ልጀምር አፌን ስከፍት ሞተሩ ጥፍት አለ። ወደ ኋላ መሄድ ጀመርን።

ፍሬኑን ረገጠ፤ ሞተር ሲጠፋ ፍሬኗ እንዴት እንደሚደርቅ አንተ ታውቃለህ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ትንሸራተታለች። ከኋላ የወፍጮ ቤቱ የዓምደ ሚካኤል ሚስት ወሰኔ የሦስት ወር ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ «ማርያም! ማርያም!» ትላለች። ሌላው ሁሉ ይጮሃል። አባትህ ስፖኪዮውን አየ፣ አንገቱን አዙሮ አየ። ከዚያ ለኔ ብቻ በሚሰማኝ ድምፅ፣

«ወለተኪዳን፣ ገደሉ በየት በኩል ነው?» አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት የነዳበት መንገድ ነው፣ ልጄ። ድንጋዩን በስም የሚጠራበት መንገድ ነው። «በኔ በኩል! በኔ!» ብዬ ጮህኩ። መሪውን ወደ ራሱ ጎን ጠመዘዘው፤ የኋላዋ ለመንገዱ ከተቆረጠው የተራራው አፈር ጋር ተላተመና ቆመች። ሰዎቹ ዘለው ወርደው ጎማዋን በድንጋይ አስደገፉ። እኔ በራሴ በኩል በሩን ስከፍት እግሬን የማሳርፍበት መሬት አልነበረም። የፊት ጎማዋ ከአፋፉ አንድ ክንድ አይሞላም። በሱ በር በኩል በደረቴ እየተሳብኩ ወጣሁ።

ሰው በእግሩ ወጣ፣ መኪናዋን ባዶዋን እየገፉ አወጧት። አሁን ደግሞ የሆነውን ስማ። ሞላሌ ስንገባ ሰው ሁሉ የአባትህን እጅ ይስማል። «ጋሼ ወዳጆ ባይሆን አልቀን ነበር! ሌላ ሾፌር ቢሆን ገደል ይከተን ነበር!» ወሰኔ ልጇን አምጥታ ባርክልኝ አለችው። ዓርብ ዕለት ምንዳዬ እየሮጠች መጣች። ለሠርጉ ከደብረ ብርሃን ሚኒባስ ልትኮናተር ነበር፣ ያንን ትታ «ከገደል አፋፍ ያዳነ እጅ ነው ልጄን የሚያደርስልኝ» ብላ ቃል አስገባችው። እሱም እሺ አለ። ወደኔ ዞር ሳይል እሺ አለ።

በሠርግ ቀን የፊት ወንበር የሙሽሮቹ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። እኔ የሙሽሪት አክስት ነኝ፣ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር እያጨበጨብኩ ነው የምሄደው። በዚያ ከበሮና እልልታ መሐል ማን ሬዲዮ ይሰማል?

መኪናዋ አሁን ደህና ናት። ዓርብ ወንድምአገኝ ለሌላ ሰው ሥራ ሞላሌ መጥቶ ነበር፣ ፓምፗን መልሶላታል። ጠጉሬን ግን ማውጣት ነበረብኝ። ቅዳሜ አባትህ ቅዳሴ ሲሄድ እኔ ቀርቼ ቱቦውን ፈታሁት። ባዶ ነው። እጄን ክንዴ ድረስ ከትቼ ፈለግሁ፣ የለም። መንገድ ላይ አይወድቅ ነገር፣ መኪናዋ አትበላው ነገር። ያን ቀን ሙሉ ዕቃ ስሰብር፣ ወጥ ሳሳርር ዋልኩ።

ትናንት እንዝርቴን ላነሳ ቅርጫቴን ስከፍት ጠጉሩ እዚያ አለ። ሁለቱም እፍኝ፣ አቧራና ዘይት ጠጥቶ፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አባትህ መደቡ ላይ ነበር።

«ቱቦዋን ስዳስስ አገኘሁት፤ የዚያች የቀንዳሟ በግ ጠጉር ነው» አለኝ። «በእጄ ነው ያወቅሁት። አንቺ የነደፍሽውን ጠጉር መች አጣዋለሁ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢጮህብኝ በተሻለኝ። እሱ ግን «እኔም ብሎኑን አልመለስኩትም ነበር» አለ። «አላገኘሁትም።»

ልጄ፣ ስለ ዐይኑ ከአፉ የወጣ ቃል ይሄ ብቻ ነው። አላገኘሁትም። አለቀስኩ። «እንግዲያው ይቅርብህ፣ ወዳጆ፤ ምንዳዬ ሌላ ሾፌር ትፈልግ» አልኩት። «ከገደል ተርፎ ፈራ ይበሉኝ?» አለ። «እሑድ አንቺ ከጎኔ ተቀመጪ።» የፊት ወንበር የሙሽሮቹ ነው አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንግዲያው ከኋላ ሆነሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አለኝ።

ሁሉንም ያውቅ ኖሯል። በሬውን፣ ድልድዩን፣ ሴትዮዋን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንደለፈለፍኩ ያውቅ ኖሯል። በኔ አፍ ነው ሲነዳ የኖረው። አሁን ደግሞ አሥራ ምናምን ነፍስ በኔ ድምፅ ሊነዳ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቀኝና ግራ ቢምታታብኝስ? አንድ ጊዜ እልልታው ድምፄን ቢውጠውስ? ዐይኔን ስከድን የሚታየኝ የትሕትና ቀሚስ ነው፣ ከገደሉ ሥር።

ስለዚህ ና። ምንም ሥራ ቢኖርህ፣ የምትነዳውን የድርጅቱን መኪና አቁመህም ቢሆን፣ ቅዳሜ ድረስልኝ። ስትመጣ ስለ ዐይኑ አንዲት ቃል አትተንፍስ። ጉልበቱን ስመህ «እህቴን ላጅብ ነው የመጣሁት፣ የሠርጓ ስጦታዬ መንዳት ነው፤ እርስዎ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንደ አባት ይቀመጡልኝ» በለው። ካንተ ይቀበላል። ቁልፉን የከለከለህ ቀን ልጅነትህን ጠልቶ አልነበረም። ልጅ ለእህቱ ሠርግ ነዳ ቢባል ማንም ወዳጆ ፈራ አይልም፣ ማንም ወዳጆ ታወረ አይልም። ከሠርጉ በኋላ አዲስ አበባ ይዘኸው ትወርዳለህ፤ ለመኪናዋ ዕቃ ልንገዛ ነው እንለዋለን፣ ጎማም ፊልትሮም ያልነውን እንላለን፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ያለውን እኔ እችለዋለሁ።

ቅዳሜ ማታ ድረስ ካልመጣህ ግን እሑድ ሠርገኛው መሐል ተነስቼ እናገራለሁ። ወስኛለሁ። ባልናገር ሕፃናቱን እገድላለሁ። ብናገር አባትህን እገድለዋለሁ፤ በቁሙ፣ በሰው ፊት። ከሁለቱ አንዱን እንዳደርግ አትተወኝ፣ የኔ ጌታ። እለምንሃለሁ።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ገብሱን ውርጭ ጫፉን ቢለበልበውም ጎተራው አልጎደለም። ቀንዳሟ በግ መንታ ወልዳለች። ባናህንም ያን ጠጉር አጥቤ እጨርሰዋለሁ፤ ዘይቱ ካልለቀቀ ዳር ላይ አደርገዋለሁ።

መንገዱን ሁሉ ቀና ያድርግልህ። ጨለማ ሳይዝህ፣ ጎማ ሳይፈነዳብህ፣ ክፉ ሳያይህ እመቤቴ በጥላዋ አድርጋ ታምጣህ። የወጣህበት በር በኔ እጅ ነው የተዘጋው፤ በኔ እጅ ይከፈትልህ።

እናትህ ወለተኪዳን

ልጄ፣ ደብዳቤውን ላሽገው ስል አባትህ ገባ። የወረቀቱን ድምፅ ሰማ መሰለኝ፣ «ለማን ነው?» አለኝ። «ለመኳንንት» አልኩት። ስምህ በዚህ ቤት ከተጠራ ሁለት ዓመቱ ነው። ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ።

«ምን አልሽው?»

«ደህና ነን አልኩት። መኪናዋ ቦሎ አገኘች አልኩት።»

«ስለ ሞፈር ውሃስ?»

«አልጻፍኩም።» ዋሸሁት።

«ደግ አደረግሽ፣ ልጁን አታስደንግጪው። በይ ወዲህ አምጪው፣ እኔም ልፈርምበት።»

ወረቀቱን ሳጥኑ ክዳን ላይ ዘረጋሁና ብዕሩን አስያዝኩት። የሚፈርምበት ላይ ጣቴን ላስቀምጥለት አሰብኩ፣ አልደፈርኩም። ፊርማውን ታውቀዋለህ፤ የትምህርት ቤት ካርድህ ላይ ስሙን በሙሉ ጽፎ ጅራቱን እየጎተተ እስከ ዳር የሚያደርሰውን። ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀስ አድርጎ ፈረመ። «አማረ?» አለኝ። «አማረ» አልኩት።

ከዚህ በታች የምታያት ከፊርማው ወረቀቱ ላይ የቀረችው ናት። ሌላው ሳጥኑ ላይ ነው ያለው። አልጠረግሁትም፣ መጥተህ እየው።

ወዳ